አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ፍላጎት

ስለ ጠብ ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው በዳይና ተበዳይ ከመፈለግ ነው። አንዱ የወሰደ፣ ሌላው የተወሰደበት፤ አንዱ የዋሸ፣ ሌላው የተታለለ መሆን አለበት ብለን እናስባለን። እንዲህ ያለው ጠብ ለፍርድ አያስቸግርም፤ በዳዩን መገሠጽ፣ ተበዳዩን መካስ ነው። ነገር ግን ከባዶቹ ጠቦች እነዚህ አይደሉም። ከባዶቹ ሁለቱም ወገኖች መልካም ነገር ሲፈልጉ፣ ሁለቱ መልካም ነገሮች ግን በአንድ ቦታ አብረው መቆም ሲያቅታቸው የሚነሡት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄም ይኸው ነው። ሁለት እውነተኛ ፍላጎቶች ሊካፈል በማይችል በአንድ ነገር ላይ ሲገናኙ ፍትሕ ምን ይላል?

ለጥያቄያችን ምሳሌ የመረጥነው ከሩቅ አገር፣ ከአሜሪካ ነው። ሩቅ ምሳሌ መምረጣችንም ያለ ምክንያት አይደለም። የራሳችንን ሰፈር ጠብ ስንመረምር ገና ከመጀመሪያው ወገን እንይዛለን። በማናውቀው ሐይቅ ዳር ግን ዘመድም ባላንጣም ስለሌለን የሁለቱንም ቃል በእርጋታ ልናደምጥ እንችላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ጥልቀት የሌላቸው፣ ዳርቻቸው ረግረግ የሆነ ብዙ ሐይቆች አሉ። ከእነዚህም በአንዳንዶቹ መውጫ ላይ የውኃ መዝጊያ ስለ ተሠራ ሰው ውኃውን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል። በሐይቆቹ ዳር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይገናኛሉ። አንደኞቹ በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ብርድ ሲገባ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈልሱትን ዳክዬዎች የሚያድኑ ናቸው። ሁለቱም ሐይቁን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ሐይቁ እንዳይጠፋ ይመኛሉ። የሚጣሉት በውኃው ልክ ነው።

ዓሣ አጥማጁ የሚጠይቀው ውኃው ሙሉ እንዲሆን ነው። ውኃ ሲጎድል ዓሣው በቀረችው ጉድጓድ ውስጥ ይታጨቃል፤ ሙቀት ሲበረታም አየር አጥሮት ይሞታል። ጀልባው በጭቃ ላይ ይቀመጣል። እንግዳ ይቀራል፤ ጀልባ የሚያከራየው፣ ማደሪያ የሚሰጠው፣ የዓሣ መሳቢያ ትል የሚሸጠው ሁሉ የዓመት ገቢውን ያጣል።

የዳክዬ አዳኙ ግን በየጥቂት ዓመቱ በሙቀት ወራት መዝጊያው ተከፍቶ ውኃው እንዲጎድል ይጠይቃል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። የሐይቁ ወለል ለፀሐይ ሲጋለጥ በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየው ዘር ይበቅላል። የበቀለው ሣር ፍሬ ይይዛል፤ ብርድ ሲቃረብ ውኃው ሲመለስ ከሩቅ የመጡት ወፎች የሚመገቡትን ያገኛሉ። ከዚህም ሌላ የላላው ጭቃ ደርቆ ስለሚጠብቅ ውኃው በተመለሰ ጊዜ ቶሎ አይደፈርስም። ሐይቁ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ከኖረ ግን ወለሉን የሚቆፍሩ ዓሦች ይበዛሉ፤ ውኃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፤ ከውኃው በታች የሚበቅለው ሣር ይጠፋል፤ ወፎቹም ሐይቁን ከላይ አይተው ያልፉታል።

አዳኙ የሚናገረው ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሐይቅ አለ። በሰሜኑ የሚኔሶታ ግዛት ክርስቲና የተባለ፣ 1,600 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ለሚፈልሱ ዳክዬዎች ማረፊያነቱ የታወቀ ነበር። በኋላ ውኃው ደፈረሰ፤ ሣሩ ጠፋ፤ ወፎቹም ጥቂት ሆኑ። የግዛቱ ባለሥልጣኖች እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ1987 እና በ2003 ዓሣ የሚገድል መድኃኒት በሐይቁ ውስጥ ጨመሩ። በየጊዜውም ውኃው ጠራ፤ ሣሩ በቀለ፤ ወፎቹ ተመለሱ። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ዓሣው እንደገና በዛ፤ ውኃውም እንደገና ደፈረሰ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ ውኃውን በፓምፕ ለማጉደል ተዘጋጁ። እንግዲህ አዳኙ «ለወፎቹ የሚበጀው ይህ ነው» ሲል እውነቱን ነው። ዓሣ አጥማጁም «የምትከፍሉት በእኔ ዓሣ ነው» ሲል እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊያቋርጠን ይችላል። «አዳኙ ወፎቹን የሚያኖራቸው ሊገድላቸው አይደለምን? እንዲህ ያለውን ሰው ፍቅር እንዴት ከቁም ነገር እንቆጥረዋለን?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ዓሣ አጥማጁስ ዓሣውን የሚወደው ለምንድን ነው? ሁለቱም ከሚወዱት ነገር ይወስዳሉ። አንዱ ሌላውን በዚህ ሊከሰው አይችልም።

አሁን ደግሞ ጠቡ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል እንመልከት። በቴነሲ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ሪልፉት የተባለ ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 በዚያ አካባቢ በተከታታይ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። መሬቱ ሰመጠ፤ ውኃ ሞላበት፤ ጫካው ቆሞ ሳለ ተዋጠ። እስከ ዛሬም ድረስ የዛፎቹ ጉቶ ከውኃው በታች ስላለ ውኃው ትንሽ ሲጎድል ጀልባ መንዳት ያስቸግራል። ስፋቱ 6,000 ሄክታር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር አይበልጥም።

በሐይቁ ዳር ይኖሩ የነበሩ ድሆች ዓሣ እያጠመዱና ወፍ እያደኑ ሲተዳደሩ ቆዩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን አንድ ባለ መሬት ውኃውን አፍስሶ ወለሉን እርሻ ለማድረግ ተነሣ። ቀጥሎም አንድ የመሬት ኩባንያ የሐይቁን ባለቤትነት ጠቅልሎ ያዘ፤ ሰዎቹም አባቶቻቸው በነፃ ባጠመዱበት ውኃ ላይ በኩባንያው ፈቃድ የሚኖሩ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው በሌሊት በፈረስ የሚዞሩ ሰዎች ተነሡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1908 ከኩባንያው ባለ ድርሻዎች ሁለቱን ጠበቆች ካረፉበት ሆቴል አስወጥተው ወሰዱ። ኳንቲን ራንኪን የተባለውን በዛፍ ላይ ሰቅለው ገደሉት። ሁለተኛው፣ ሮበርት ቴይለር፣ ወደ ውኃው ዘሎ አመለጠ። የግዛቱ ገዢ ወታደር ይዞ መጣ፤ ብዙ ሰዎች ታሰሩ፤ ስድስቱ ሞት ተፈረደባቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሐይቁ የሕዝብ ሆነ።

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «እንግዲያው ዓመፅ ጠቀማቸው» ይላል። እኛ ግን እንዲህ አናነበውም። የሰዎቹ አቤቱታ እውነተኛ ነበር፤ እንጀራቸው ተነክቷል። ነገር ግን በጨርቅ የተሸፈነው ፊት በኩባንያው ላይ ብቻ አልተነሣም። እነዚያው ፈረሰኞች የራሳቸውን ጎረቤቶች ያስፈራሩና ይገርፉ ነበር። ፊቱን የሸፈነ ሰው ለሚሠራው ሥራ መልስ አይሰጥም፤ መልስ የማይሰጥ ሰው ደግሞ በትክክለኛው ጉዳይ ጀምሮ በፈለገው ላይ ይጨርሳል። ከሁሉም በላይ፣ ሐይቁ የሕዝብ መሆኑ ለሟቹ ቤተሰብ አባወራውን አልመለሰላቸውም።

ሐይቁ የሕዝብ ከሆነ በኋላም ጥያቄው አላለቀም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1931 በመውጫው ላይ መዝጊያ ተሠራ፤ በ1941 ከሐይቁ ከፊሉ የወፎች መጠለያ ሆነ። በ1985 ደግሞ የግዛቱ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ከመጠለያው አስተዳደር ጋር ሆኖ ውኃውን በሰፊው ለማጉደል አቀደ። ጭቃው ደርቆ እንዲጠነክር፣ ዓሣውም ወፉም በኋላ እንዲጠቀም ያሰበ እቅድ ነበር። በሐይቁ ዳር መሬትና ንግድ የነበራቸው ሰዎች ግን «እስኪያገግም ድረስ ምን እንብላ?» ባዮች ነበሩና ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱም እቅዱ የሚያስከትለው ነገር በሚገባ ተጠንቶ ሳይቀርብ ውኃው እንዳይለቀቅ አገደ።

ከ1908 እስከ 1985 ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ሐይቁ ያው ነው፤ ለእንጀራ መፍራትም ያው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው በሌሊት መጡ። በሁለተኛው ጊዜ ስማቸውን ጽፈው በቀን መጡ።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ እንመለስ። በእንዲህ ያለ ጠብ ውስጥ ሰዎች የሚያነሷቸው ሦስት ዋና ዋና መከራከሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው «እኛ ቀድመን ነበርን» የሚለው ነው። ይህ መከራከሪያ ልብ ይነካል፤ ግን ሥሩ ሲመረመር ብዙ አይጸናም። የሪልፉትን ሐይቅ ብንወስድ፣ ያ ምድር ከዓሣ አጥማጆቹም ከኩባንያውም በፊት ቺካሶ የተባለው የአገሬው ሕዝብ ነበር። ያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1818 በተደረገ ውል ምድሩን ለቀቀ። «ቀድመን ነበርን» የሚል ሁሉ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሰው ረስቶ ነው የሚናገረው። ቀዳሚነት እንድንከበር ያደርገናል፤ ሌላውን እንድናባርር ግን መብት አይሰጠንም።

ሁለተኛው «እኛ ከፍለናል» የሚለው ነው። በእርግጥም ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በአሜሪካ ዳክዬ የሚያድን ሰው ልዩ ቴምብር መግዛት አለበት። በመጀመሪያ ዋጋው 1 ዶላር ነበር፤ አሁን 25 ዶላር ሆኗል፤ ገንዘቡም ረግረጋማ መሬት ተገዝቶ እንዲጠበቅ ይውላል። በ1937 በጦር መሣሪያና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር አራዊት እንዲውል ተደነገገ። በ1950 ደግሞ በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ላይ ተመሳሳይ ቀረጥ ለዓሣ ጥበቃ ተመደበ። ስለዚህ «ከፍለናል» የሚለው ቃል በሁለቱም አፍ እውነት ነው። ሁለቱም የሚሉት ነገር ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም ፍርድ ሊሆን አይችልም። ለጋራ ነገር ገንዘብ ያዋጣ ሰው ጠባቂ ይሆናል፤ ባለቤት ግን አይሆንም። ለእድር ያዋጣ ሰው ድንኳኑ የእኔ ብቻ ነው እንደማይል ሁሉ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ «የእኛ ፍላጎት ይበልጣል» የሚለው ነው። እኛ እንደምናምነው እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ለመዝናናት ከሚያጠምደውና ለመዝናናት ከሚያድነው መካከል ማንም አይበልጥም፤ ደስታን በሚዛን ልንለካው አንችልም። ነገር ግን ለመዝናናት የመጣ ሰውና ከሐይቁ ልጆቹን የሚያበላ ሰው እኩል አይደሉም። አንዱ ሐይቁ በጎደለበት ዓመት ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል፤ ሌላው መሄጃ የለውም። እንጀራ ከደስታ ይቀድማል።

ይህ ማለት ግን እንጀራ ሁልጊዜ መዝጊያውን ይዘጋል ማለት አይደለም። ምክንያቱም በሐይቁ ጉዳይ ቃል የማይናገሩ አሉ። ወፎቹ አይናገሩም፤ ዓሦቹ አይናገሩም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚያ ዳር የሚወለዱት ልጆችም አይናገሩም። ዛሬ ለሚበላው ሰው ሲባል ሐይቁ ነገ ረግረግ ሆኖ ቢቀር የነገዎቹ ተበድለዋል። ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ሐይቁ እንዲኖር ውኃው በእርግጥ መጉደል ካለበት ይጉደል፤ ነገር ግን የመጉደሉ ዕዳ በደካማው ጫንቃ ላይ ብቻ አይጣል። ወፎቹ ሲመለሱ የሚደሰተው አዳኝ፣ ዓሣው ሲያገግም የሚደሰተው እንግዳ፣ ሐይቁን የእኔ የሚለው ሕዝብ ሁሉ፣ በጎደለበት ዓመት ባዶ እጁን ለቀረው ጀልባ አከራይ ሊያካፍል ይገባል። ከሌላው ኪሳራ የሚያተርፍ ሰው «ለጋራ ጥቅም ነው» ቢል ንግግሩ እውነት የሚሆነው ኪሳራውን አብሮ ሲሸከም ብቻ ነው።

የአብርሃምንና የሎጥን እረኞች ጠብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግጦሹ ሲጠባቸው አብርሃም ምርጫውን ለታናሹ ሰጠና ተለያዩ። መልካም መፍትሔ ነበር፤ ምድሩ ሰፊ ነበርና። ሐይቅ ግን እንዲህ አይከፈልም። በግራ በኩል ሙሉ፣ በቀኝ በኩል ጎዶሎ የሆነ ሐይቅ የለም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ቦታን መካፈል ባይቻል ጊዜን መካፈል ይቻላል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ራሱ ይህን ያስተምራል፤ ሰው መዝጊያ ሳይሠራበት በፊት በዝናብ ዓመት ይሞላ፣ በድርቅ ዓመት ይጎድል ነበር፤ ሁለቱም ለጤናው ያስፈልጉት ነበር። ሰው ነው መዝጊያ ሠርቶ «ሁልጊዜ እንዲህ ይሁን» ያለው። ብዙ ዓመት ለአንዱ፣ ጥቂት ወራት ለሌላው፣ በግልጽ ቀጠሮ፣ ሁሉም አስቀድሞ አውቆ እንዲዘጋጅ ተደርጎ ቢሆን ማንም ሙሉ በሙሉ አያሸንፍም፤ ማንም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አብርሃም ያሳየው ልብ ግን ለሐይቁም ያስፈልጋል፤ «አንተ ቅደም» ለማለት የሚችል ልብ ከሌለ ቀጠሮውም አይጸናም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። የሪልፉትን ሐይቅ በየዓመቱ የሚሞላው ከምሥራቅ በኩል ካሉት ኮረብታዎች እየታጠበ የሚወርደው ደለል ነው። አፈሩ የሚመጣው ከእርሻ ነው። ደለሉን ዓሣ አጥማጁ አላመጣውም፤ አዳኙም አላመጣውም። ሁለቱ በውኃው ልክ ሲከራከሩ ደለሉ ማንንም ሳይጠይቅ በሁለቱም ላይ ይወርዳል። ሐይቁ በአፈር በሞላ ቀን ለመንጠቆም ለጠመንጃም ቦታ አይኖርም። ሁለት የሐይቁ ወዳጆች እርስ በርስ ሲጠባበቁ የሐይቁን ጠላት ሳያዩት ይቀራሉ። ኮረብታው ላይ ያለውን ገበሬ ግን ጠላት ብለን ልንጨርስ አንፈልግም፤ እርሱም የሚያርሰው ልጆቹን ሊያበላ ነው። ጠላቱ አፈሩን ሳይያዝ መተው ነው፤ ይህም ሦስቱ አብረው ሊሠሩበት የሚችሉት ሥራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከሐይቁ የተማርነውን ወደ ራሳችን እናምጣው። በማኅበራችን አንድ አዳራሽ ብቻ አለ እንበል። ዘማሪዎች ለልምምድ ይፈልጉታል፤ ማታ ትምህርት የሚያስጠኑት ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋሉ። ማን ነው በዳዩ? ማንም አይደለም። ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «እነዚያ» እና «እኛ» መባባል ይጀመራል፤ የአዳራሹ ጣራ ማፍሰሱንም የሚያየው ይጠፋል። በቤትም እንዲሁ ነው፤ አንድ መብራት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የሚያጠኑ ልጆች። ፊትን ሸፍኖ መምጣትም በፈረስ ብቻ አይደለም፤ በስተጀርባ ማማት፣ ስም ሳይጽፉ ክስ መላክ፣ ጓደኛን አሳድሞ ሌላውን ማስኮረፍ ያው ጨርቅ ነው።

ስለዚህ ሁለት መልካም ፍላጎቶች ሲጋጩ እነዚህን እንጠይቅ። የእኔ ፍላጎት በሌላው ላይ ምን ያስከፍለዋል? ከዚህ ነገር የሚበላ ማነው፣ የሚደሰትበትስ ማነው? ያልተናገረ ማን አለ? ቦታውን መካፈል ባንችል ጊዜውን መካፈል እንችላለን? እኛ ስንከራከር በሁለታችንም ላይ እየወረደ ያለው ደለል ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ፊቱን ገልጦ፣ ተቀናቃኙ ባለበት የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል አንልም። ነገር ግን በተሸነፈ ጊዜም ጎረቤቱን አያጣም።